እጄና የእማዬ አጋም

ውድ እትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትይ ያማርርሻል? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗ ትንሽ ጠራላት? የባለቤትሽ ሳልስ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከዚህ ኮሚቴ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ ደህና ነኝ።

ኮሚቴው ያልኩሽ፣ ከዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት ጀርባ የሚበሉ አገር በቀል ዕፅዋት ጫካ እንፍጠር ብሎ የተነሣው ነው። ተማሪው ከክፍል ሲወጣ አጋምና ሾላ እየቀጠፈ እንዲበላ ነው አሉ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ሰዎቹ ግን አንጀቴን አሳረሩት። አንድ ጉድጓድ ሳይቆፈር ሰባት ጊዜ ተሰበሰቡ። ችግኝ ሳይኖር የስም ሰሌዳ አሠሩ። የዕፅዋት መምህሩ፣ እኛ አትክልተኞቹ “ዶክተር ሰሌዳ” የምንለው፣ አጋምን በመጽሐፍ እንጂ በእሾኋ አያውቃትም። ዘር የለመንኩሽም ለዚሁ ነው።

አንቺም መንገድ ሠሪዎቹ የእማዬን አጋም ከጓሮ ከመንቀላቸው በፊት የለቀምሽውን የመጨረሻ ዘር በመሐረብ ቋጥረሽ ላክሽልኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በመደዳ ዘራሁት፤ የአጋም ሰሌዳም ቆመለት፤ አሥራ ዘጠኝ በቀለ። በየጠዋቱ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ሄጄ እቆጥረው ነበር።

ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሊጎበኙ ነው ተባለ። ዶክተር ሰሌዳ የሰሌዳዎቹ ቀለም ከሕንፃው ጋር አይሄድም ብሎ ሁሉንም አስነሥቶ ለቀቢ ላከ። እኔን ደግሞ ቦታውን አጽዳ አለኝ። እትዬ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ! በዚህ ግቢ ሃያ ዓመት ሙሉ የኖርኩት ከሣርና ከአበባ ሌላ የበቀለውን ሁሉ ንቀል እየተባልኩ ነው። አጋም እንኳ አያውቅም እያልኩ ሰውዬውን በልቤ ስሰድብ፣ ልማደኛው እጄ መደዳውን ሲነቅል፣ ጋሪው ሞልቶ ቀና አልኩ። ከላይ የተጋደመችው የእማዬ አጋም ነበረች።

ጋሪውን ገልብጬ ሥሩ የተረፈውን እየለየሁ መልሼ ተከልኩ። ዶክተሩ መጥቶ ምን ነካቸው ሲለኝ፣ ፍየል በላቸው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግቢው ውስጥ ፍየል የለም እንጂ። እኔው ነኝ አልኩት። እሱም፣ ሰሌዳውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ ብሎ በዚያ ንጹሕ ሱሪው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ውሃ ያጠጣ ጀመር። እንደ ልቤ እንዳልጠላው እንኳ ከለከለኝ፣ ይሄም ያናድዳል!

ሦስቱ ያዙ። ሰሌዳዎቹ ዛሬም ከቀቢው ዘንድ ናቸው። ስለዚህ ጣውላ ፈልጌ “እጅህን ሰብስብ” ብዬ ጻፍኩና አጠገባቸው ቸነከርኩት። ዶክተሩ፣ ተማሪ እንዲበላ አይደለም ወይ የተከልነው ብሎ ተቆጣ። ጽሑፉ ለተማሪ አይደለም፣ ለእኔ እጅ ነው አልኩት።

ባለቤትሽን በርታ በይልኝ፣ ሳሉንም ችላ አይበለው። ትልቋን ልጅሽን ለፈተናው አይዞሽ በያት፤ ትንሹን ደጋግመሽ ሳሚልኝ። ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝና አጋምሽ ይዛለች በያት። ስንት በቀለ ብላ ከጠየቀችሽ፣ ሦስት በያት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከዩኒቨርሲቲው የአትክልተኞች ክፍል፣
ሰኔ ፲፩ ቀን