ላልቶ የተነበበ ቃል

ውድ ሰይፈሥላሴ፣

«ውድ» ያልሁህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ስለማይጀመር ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም እንዳትሰጠው።

ነሐሴ ላይ፣ አገር ቤት ልጆቻችን ለጦርነት በሚጠሩበት ሰሞን፣ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ወራት ያዘጋጀሁትን ጽሑፍ እዚህ ስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ፣ ለተሰበሰበው ሕዝብ እንድታነብልኝ ሰጠሁህ። ታሪክን በአንድ ክፍል ተቀምጠን ስለተማርን ከአንተ የተሻለ አንባቢ አላሰብሁም። ጽሑፉ የጀርመንና የፈረንሳይ ወታደሮች በአበባና በዘፈን ወደ ባቡር እንዴት እንደተሸኙ ይተርካል። ከዚያም እንዲህ ይላል፦ «ቅጠል ሳይረግፍ ትመለሳላችሁ ተባሉ፤ ቅጠል ሳይረግፍ ተባሉ።»

ከማንበብህ በፊት ደወልህልኝ።

«ሁለተኛው ‹ተባሉ› ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

«ይጠብቃል» አልሁህ በሰለለ ድምፄ። «የመጀመሪያው ተነገራቸው ነው፤ ሁለተኛው እርስ በርስ ተበላሉ ነው።»

«አንቺ እኮ ድሮም ሰውን በማጥበቅ ነው የምትገድዪው!» ብለህ ሳቅህ።

ስለዚህ አላወቅሁም ልትል አትችልም።

ባለፈው እሑድ በዚያው ምግብ ቤት የምታስተናግደው ሲና ከመኪናዬ ሳልደርስ ሽርጧን እንደታጠቀች ተከተለችኝ።

«እትዬ ዘሪቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ኦኬ? እነዚያ ጀርመኖችና ፈረንሳዮች ቅጠሉ ሳይረግፍ ቤታቸው ገብተዋል አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ጋሽ ሰይፉ፣ ላይቭ ላይ! ደሴ ላለው ወንድሜ ለተስፋ ሼር አደረግሁለት። ‹በቃ፣ እኛም ለመስቀል እንገባለን› ብሎኝ ዘመተ። መስቀል አለፈ፤ ስልኩ አይሠራም። ሶ… እነሱ ስንት ጊዜ ቆዩ?»

አራት ዓመት መቆየታቸውን ልነግራት አልቻልሁም። ቤቴ ገብቼ ቅጂውን ሰማሁ። ሁለቱንም ‹ተባሉ› አላልተህ አነበብህ። ከዚያም ከራስህ ጨመርህ፦ «የእኛም ልጆች ለመስቀል!» ተጨበጨበልህ። የሚቀጥለው አንቀጽ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ እኛ ፍልሰታን በምንፈታበት ዕለት፣ ወደ ሃያ ሰባት ሺህ የሚጠጉ ፈረንሳውያን ቀይ ሱሪያቸውን እንደለበሱ መውደቃቸውን ይናገር ነበር። እርሱን አልፈኸው ገጹን ስትገልጥ ድምፁ ይሰማል።

ደውዬ ጠየቅሁህ። መልስህን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «ሕዝቡ የሚፈልገው ሞራል ነው፤ የግርጌ ማስታወሻ አይደለም። ደግሞ በአንዲት ፊደል ልትከሺኝ ነው?»

ፊደሉንማ አልነካህም! ያቃጠለኝም እርሱ ነው። ጽሑፌን ከንባብህ ጋር የሚያስተያይ ሰው አንዲት ስሕተት አያገኝብህም። የአማርኛ ፊደል የማጥበቂያ ምልክት ስለሌለው ቃሉን ለአንባቢው ኅሊና አደራ ይሰጠዋል፤ አንተ የበላኸው ያንን አደራ ነው። በእኔ ስምና በእኔ ማዕረግ የሰው ልጅ ሸኘህ። ቅጠሉ በቶሎ በማይረግፍ ዘንባባ ሥር መኪናህን ፓርክ አድርገህ ገባህ፣ አንብበህ ወጣህ፣ እራትህን በላህ። ሳህንህን ያነሣችው ሲና ናት።

ቁጣ ለታሪክ ጸሐፊ አይበጅም ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ተጠንቅቄ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ምንጮቼን ሁሉ አገላብጬ አጣርቼ ነው የተቆጣሁት።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የፊታችን ቅዳሜ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ላይቭ ላይ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር እንደተጻፈች ታነባለህ፤ የዘለልኸውንም አንቀጽ እንዲሁ። ሲና ትሪ ይዛ ስታልፍ ዐይንህን ወረቀቱ ላይ አትደብቅም። እምቢ ካልህ ከፊተኛው ረድፍ ተነሥቼ እኔው አነበዋለሁ፤ ድምፄ ተመልሷል።

ለልምምድ እንዲሆንህ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ልተውልህ፦

ሲና ወንድሟን ትጠብቃለች።

ይህንን እንኳ አታላላው።

ዘሪቱ