ልጆቻችንን በየደጃፋችን ያስረክቡን የነበሩት አሰልጣኝ ታቢታ ሽበሺ

ከሐይቅ ዳር ሴቶች እግር ኳስ ቡድን አስተባባሪ ኮሚቴ
አዋሳ፣ ረቡዕ ጥቅምት 13 ቀን 1978 ዓ.ም.

የቡድናችን መሥራችና አሰልጣኝ ጓድ ታቢታ ሽበሺ ትናንት ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ከመናኸሪያ ወደ አዲስ ከተማ ሰፈር በሚወስደው መንገድ በጭነት መኪና ተገጭተው ሕይወታቸው አልፏል። ኮሚቴው ይህን ጽፎ መልሶ ሲያነበው አሁንም ማመን አቅቶታል። ትናንት ከልምምድ በኋላ ተጫዋቾቹን ሰብስበው፣ «ለእሑድ ማልያችሁን አጥባችሁ ኑ፤ ሕዝብ ፊት ነው የምትቆሙት» ሲሉ በጆሯችን ሰምተናል። ሞት ቀጠሮ የለውም ይባላል፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ዱብ ዕዳ አልጠበቅንም።

ጓድ ታቢታ በ1945 ዓ.ም. በይርጋለም ተወለዱ። በመምህርነት ሠልጥነው ወደ ከተማችን ከመጡበት ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የስፖርት መምህርት ሆነው አገልግለዋል። ትዳር አልመሠረቱም፤ ከወላጅ እናታቸው ከወይዘሮ ጫልቱ ጋር በአዲስ ከተማ ይኖሩ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ቡድኑን ለማቋቋም ሲነሡ ከተማው ሳቀባቸው። ኳስ የወንድ ነው፣ ሴት ልጅ ሜዳ ለሜዳ ስትራገጥ ማን ያገባታል ተባለ። ሜዳውም ቢሆን ለወንዶች ቡድኖች የተያዘ ስለነበር ለሴቶቹ የተረፈው የመጨረሻው ሰዓት ነው፤ ወንዶቹ ጨርሰው ሲወጡ፣ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ። ጓድ ታቢታ ያንኑም ቢሆን አመስግነው ተቀበሉ።

ሰዓቱ ግን ለወላጆች አልተዋጠላቸውም። ልጃገረድ ሲመሽ ከሜዳ ስትመለስ ማየት ለማንም ቢሆን ከባድ ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆኑት አቶ ገብረየስ፣ ልጃቸው ፀሐይ እንድትጫወት ሲጠየቁ የግቢያቸውን በር ዘጉ። ጓድ ታቢታ በማግስቱም ሄዱ። በሦስተኛው ቀን በሩ ሲከፈት፣ «አባባ፣ ዋሷ እኔ ነኝ። ከእጅዎ እወስዳታለሁ፣ ከእጅዎ እመልሳታለሁ» አሏቸው።

ለሌሎቹም ወላጆች የገቡት ቃል ይኸው ነበር። ስለዚህ ከልምምድ በኋላ ተጫዋቾቹን አሰልፈው በየሰፈሩ ያደርሳሉ። በሩን አንኳኩተው ይቆማሉ፤ አባት ወይም እናት ወጥተው «ተቀብያለሁ» ካላሉ ከደጃፉ ንቅንቅ አይሉም። ዝናብም ቢሆን ያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ይህ በከተማው መቀለጃ ሆኖ ነበር፤ «ኳስ አሰልጣኝ ናት ወይስ በግ ጠባቂ?» ያሉ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ግን ልጆቻቸውን ይዘው ራሳቸው የሚመጡ ወላጆች በረከቱ። የዚህ ቡድን ህልውና በሜዳው ላይ ሳይሆን በዚያ ቃል ላይ ቆሞ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ቡድኑ ከሻሸመኔ አቻው ጋር የመጀመሪያውን የወዳጅነት ጨዋታ አደረገ፤ ተሸነፈም። ጓድ ታቢታ በመልሱ ጉዞ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው ሲያዘፍኑ የተመለከተ ግን ዋንጫ ይዘው የሚመለሱ ይመስለው ነበር። በ1977 ዓ.ም. በክፍለ ሀገሩ ውድድር አሸንፈው ዋንጫውን በእርግጥም ይዘው ገቡ።

በዚያው ዓመት የካሜራ ባለሙያው ጓድ ታምሩ ስለ ቡድኑ ፊልም አንሥተዋል። ጓድ ታምሩ ፊልሙ ዋንጫው ከፍ ሲል እንዲያልቅ ፈልገው ነበር። ጓድ ታቢታ እምቢ አሉ። «ዋንጫውን ሁሉም ያየዋል። ወላጅ መንገዱን ካላየ ግን ነገ ልጁን ወደ ሜዳ አይልክልንም» ብለው ተከራከሩ፤ ረቱም። ስለዚህ የፊልሙ መጨረሻ የመጨረሻዋ ልጅ ቤቷ ስትገባ የሚያሳይ ነው። በሩ ይዘጋል፤ ፊልሙም ያበቃል። ጓድ ታቢታ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሄዱ በፊልሙ አይታይም።

ትናንትም የሆነው እንደዚሁ ነው። የመጨረሻዋን ተጫዋች መናኸሪያ አካባቢ ለእናቷ አስረክበው፣ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ሰምተው፣ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ነበር መኪናው የደረሰባቸው።

ወሬው በተሰማ ጊዜ ከልቅሶው ጋር ሌላ ስጋት ተነሣ። ዋሳችን ሞተዋልና ልጆቻችንን ከእንግዲህ አንልክም ያሉ ወላጆች ነበሩ። ኮሚቴው አልፈረደባቸውም። ዛሬ ጠዋት በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተነሥተው የተናገሩት አቶ ገብረየስ ናቸው። «ይህን ሁሉ ዓመት ልጄን ከእጇ ስቀበል ነበር። እሷ ቤቷ መግባቷን ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም» አሉ። ቀጥለውም፣ «ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹን የማደርሰው እኔ ነኝ። አብሮኝ የሚዞር አባት ካለ ይነሣ» አሉ። ተነሡ። የወንዶቹ ቡድኖች አምበሎችም እዚያው ድንኳን ድረስ መጥተው የመጀመሪያውን የልምምድ ሰዓት ለሴቶቹ መልቀቃቸውን አስታወቁ። ጓድ ታቢታ ይህን ሳይሰሙ መሄዳቸው ያንገበግባል።

በመሆኑም የቡድኑ ልምምድ ሰኞ በአዲሱ ሰዓት ይቀጥላል። ፊልሙም በታቀደው መሠረት እሑድ ጥቅምት 17 ቀን በከተማው አዳራሽ ይታያል። ከፊት ረድፍ አንድ ወንበር ባዶውን ይቀመጣል። የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ዘመዶቻቸው ከይርጋለም እስኪደርሱ ተጠብቆ ነገ ሐሙስ ከቀኑ በ8 ሰዓት ይፈጸማል።

ለመላው የቡድኑ አባላት፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው ኮሚቴው ብርታትን ይመኛል። ለእናታቸው ለወይዘሮ ጫልቱ ግን ምን ቃል እንደሚበቃ አናውቅም። ዛሬ አስከሬኑ ከሆስፒታል ሲወጣ ተጫዋቾቹ እኛ እንሸከም አሉ። «ወንዶች ቆመው?» ያሉ የእድር ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አቶ ገብረየስ ከፊት ገለል ሲሉ ሌሎቹም መንገድ ለቀቁ። ልጆቹ ማልያቸውን እንደለበሱ፣ አሰልጣኛቸው በየምሽቱ ይዘዋቸው በሚዞሩበት መንገድ፣ በየራሳቸው ደጃፍ በኩል አልፈው አዲስ ከተማ አደረሷቸው። በሩን አንኳኩተው ሣጥኑን በትከሻቸው እንደያዙ ቆሙ። ወይዘሮ ጫልቱ ወጡ። አምበሏ ፀሐይ፣ «እማማ፣ ልጅዎን አድርሰናል» አለች።

እናትም፣ «ተቀብያለሁ» አሉ።