ከገረሴ የወረደው ቤት

ጥር 9፣ ጠዋት
ሙቀት። የመዝናኛ ቤቱ መሠረት ጫሞ ሐይቅ ዳር ወጥቷል። የሹማምንት ማረፊያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ፕላን ብሎኬትና ቆርቆሮ፤ እዚህ ሰው ይቀቅላል። የአገሬውን አሠራር ላጥና አልኩ። ኃላፊዬ ፈቀደ። ነገ ወደ ደጋው፣ ገረሴ እወጣለሁ።

ጥር 11
ጋሽ ዛራ ከሚባሉ ቤት ሠሪ ዘንድ አደርኩ። ቤታቸው ከቀርከሃ የተሸመነ፣ እንደ ቅርጫት የተደፋ። ነፋሱ ይገባል፣ አይሰማም። ቀኑን ሙሉ ስለካ ባለቤታቸው የሜትሩን ጫፍ ያዙልኝ። ቆጮ በላን። ማስታወሻዬ፣ ከስንት ወር በኋላ ሥራዬን ወደድኩት።

ጥር 15
ንድፉን ለጓድ ኃላፊ አሳየሁ። ወደደው። ከምንደክም ራሱን ቤቱን እናምጣው አለ። መንደሩ በመንደር ምስረታ ወደ ሜዳው ሊወርድ ነው፤ ከሚፈርስ ጥቅም ላይ ይዋል አለ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እዚህ ይመዝገብ።

ጥር 22
ቤቱ መጣ። ለሁለት ተከፍሎ፣ በጭነት መኪና። ውስጡ ጥቀርሻ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ ምንም አልተሰማኝም። ምሳ ዓሣ በላሁ፤ ጣዕሙ ትዝ አይለኝም።

ጥር 24
ጋሽ ዛራ የተከፈለውን ቤት መልሰው እንዲሰፉ ተጠርተው መጡ። በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ለአዲሱ መንደር ቆርቆሮው አልደረሰም፤ ባለቤታቸው ዘመድ ቤት ናቸው። የተቆረጠውን በጣታቸው እየዳሰሱ ዞሩት።
«ስትለካ ጊዜ፣ ሌላ ልትሠራ መስሎኝ» አሉ።
እኔም፣ አልኩ።
«ሚስቴ ሜትር ይዛልሃለች።»
ከዚያ ቁጭ ብለው ቀርከሃ መሰንጠቅ ጀመሩ። መልሶ ይቆማል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የትም ይቆማል አሉ፤ ከአዲሱ መንደር ጀርባም ቢሆን።

ጥር 25፣ ረፋድ 4 ሰዓት
የርክክብ ቅጹ ፊቴ ነው። ጻፍኩ፦ ቀርከሃው ነቅዟል፣ ለእንግዳ ማረፊያ አይሆንም፣ ለባለቤቱ ይመለስ። ውሸት ነው። አንድም ነቀዝ የለበትም። ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁ።
ቤቱ ተመልሶ መኪናው ላይ ተጭኖ ታስሯል። ጋሽ ዛራ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ሰጠኋቸው፤ ማንበብ አይችሉም፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አብረኸኝ ና አሉኝ። አልሄድም። ኃላፊው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ማን እንደጻፈው ከጠየቀ እኔ ነኝ እለዋለሁ። ፍርሃቱ ገና አልመጣም። መኪናው ተነሣ፣ አሁን በሙዝ እርሻው በኩል እያለፈ ነው።