ማሳዬን በሰው አገር አፈር ለመዘናችሁ

በጎንደር ከተማ ለአፈር ምርመራ ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፤

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ዛሬም በሬ ጠምጄ አርሳለሁ፤ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ባለቤቴ ሽታዬ ካረፈች ወዲህ ወጤን የምሠራው ራሴ ነኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበሩ ይመችዎታል? እግዚአብሔር ወገብዎን ይጠብቅልኝ፤ ጎንበስ ብለው አፈር ነክተው ስለማያውቁ እንደሚጠበቅ አልጠራጠርም።

ባለፈው ጥቅምት ባለሙያዎችዎ መጥተው ከነጭ ሽንኩርት ማሳዬ አፈር ዘግነው ወሰዱ። በየካቲት ደግሞ «የተበከለ መሬት፤ ማምረት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ዳሩ ላይ ተከላችሁ። ኒኬልና ክሮም የሚባሉ ብረቶች ከልክ በላይ ተገኙበት ተባልኩ። ብረት ላይ ተኝቼ ማረሻ ከገበያ ስገዛ መኖሬን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ግን ይህ ነው።

አንደኛ፣ ልኩ የማን ልክ ነው? አፈሩን የዘገነው ባለሙያዎ መዝሙር ሸጋ ልጅ ነው፤ ስጠይቀው አልዋሸኝም። አፈር ከወጣበት ድንጋይ ብረት እንደሚወርስ፣ የኛ ጥቁር ድንጋይም ይህን ብረት በብዛት እንደያዘ፣ የወገራ አፈር በተፈጥሮው ስንት እንዳለው ግን ማንም ለክቶ እንደማያውቅ፣ ልኩም ከሰው አገር መጽሐፍ እንደተቀዳ ነገረኝ። እኔን የሰው ጫማ አጥልቃችሁ «እግሩ አብጧል» እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከመንደሩ ሁሉ የኔ ማሳ የተመረጠው ማኪናችሁ የቆመችው እዚያ ስለሆነ ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለው የጎረቤቴ የአምባቸው ማሳ ያው አንድ አፈር ነው፤ መንገዱ ግን ጭቃ አለው። ለጫማችሁ ስለተጠነቀቃችሁ ምስጋና ይድረሳችሁ። አምባቸውማ ገበያ ላይ ስሜን እያነሳ «የአያ ምንይችልን ሽንኩርት በቢላዋ እንዳትሞክሩት፣ መጋዝ አምጡ» እያለ የራሱን ይሸጣል።

ሦስተኛ፣ ብክለቱ ከጣልኩት የባትሪ ድንጋይ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል። ያለኝ አንድ የእጅ ባትሪ ነው።

ከዚህ ወዲያ ቁጥር አልሰጥም። ሰኔ እየገባ ነው። ሌላ መሬት የለንም፤ ይህ ካልተዘራ ልጄ ይመኙሽ ልጆቿን ይዛ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ልትወርድ ጓዟን ጠቅልላለች። ስለዚህ ጌታዬ፣ ታርሶ ከማያውቅ መሬት አፈር አዝግነው ከኔው ጋር ያስተያዩልኝ። እኩል ከሆነ ብረቱ የድንጋዩ ውርስ ነውና ሰሌዳውን ያስነቅሉልኝ። የኔ ከበለጠ ማሳውን በእሾህ የማጥረው እኔው ነኝ። እባክዎን ማለት አልለመድኩም፤ ዛሬ ግን እባክዎን።

ሰሌዳዎን ከብት እንዳይታከክበት ቀን ከሌት የሚጠብቅልዎ፣

ምንይችል ታከለ

ተጨማሪ፦ ሳልሞት ራሴ የምከፍለው ዕዳ አለብኝ። ለአምባቸው፣ ምንም ቢያላግጥብኝ፣ የአንድ ቀን በሬ። ለሽታዬ ያላወጣሁላት ተዝካር። ለመዝሙር እውነቱን ስለነገረኝ ከዚሁ ማሳ አንድ ቁና ነጭ ሽንኩርት፤ ከደፈረ ይበላዋል። ለአፈሩ ደግሞ ራሴን። የምቀበረው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው፤ እዚያ ማረሻ ገብቶ አያውቅም። ታርሶ የማያውቅ መሬት እስከዚያ ድረስ ካላገኛችሁ በቀብሬ ቀን ከረጢታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቁፋሮውን ሌሎች ይጨርሱላችኋል።