ያልጠራሁት ሰባተኛ ስም

መሐል ሜዳ፣ ግንቦት ፲፰ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ውድ አባቴ አቶ ወንዳፈራሁ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ካለፈው እሑድ ወዲህ ሰውነቴ ዝሎብኛል፤ ክፍል ገብቼ ቆሜ ማስተማር እንኳ ከብዶኛል። ዳዊት ይደግማሉና ይህን ደብዳቤ ለማንም ሳያስነብቡ ብቻዎን ሆነው እንዲያዩት እለምንዎታለሁ።

እሑድ ዲሬክተሩ ወላጆችን ሰብስቦ ስለ ልጆቹ እንድናገር ሲያዘኝ፣ እርስዎም ከቀየት ድረስ መጥተው በርኖስዎን እንደ ለበሱ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ከእኛ ዘንድ ስምንተኛን አልፈው ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ከገቡት አሥራ አንድ ልጆች፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን የሚጨርሱት አራት ብቻ እንደሆኑ ተናገርኩ። ሰባቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል አልኩ። ከዚያ ጎረቤትዎ አቶ ጫኔ ተነሥተው፣

«አስተማሪ፣ ልጅ በቁጥር አይታወቅም። ስማቸውን ንገረንና የማን ልጅ እንደ ቀረ እንወቅ» አሉ።

መጥራት ጀመርኩ። አንዷ ተድራ፣ አንዱ ወታደር ቤት ገብቶ፣ አንዱ አባቱ ሞቶበት ወደ እርሻው ተመልሶ... ስድስት ስም ጠራሁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ዓይንዎን አየሁና ወረቀቱን አጠፍኩት።

ሌላው ሰው አላስተዋለም። እርስዎ ግን በሩ ላይ ጠብቀው፣ «ሰባት ብለህ ስድስት ጠራህ። ሰባተኛው ማነው?» አሉኝ።

«የግሼ ልጅ ነው፣ አያውቁትም» አልኩዎት።

ራስዎን ነቅንቀው፣ «ለአባቱ እግዜር ብርታቱን ይስጠው» አሉና ሄዱ።

አባቴ፣ ሰባተኛዋ ልጅዎ ተናኘወርቅ ናት።

እኔ ያወቅሁት በጥር ነው። መጻሕፍት ላመጣ ደብረ ብርሃን ሄጄ፣ ከሱፍ ፋብሪካ ከሚወጡት ሴቶች መካከል አየኋት። ሸሸችኝ። ተከተልኳትና አንድ አጥር ጥግ ቆመን ሁሉንም ነገረችኝ። አሥረኛ ክፍል ሳለች ተስቦ ይዟት ሁለት ወር ተኛች። ስትነሣ ፈተናው አልፎ ነበርና ዓመቱን ድገሚ አሏት። ጓደኞቿ አልፈው እሷ ስትቀር አፈረች፤ ሥራ ገባች። ለእርስዎ ግን ትምህርቴ ደህና ነው እያለች መጻፏን አልተወችም።

«አባዬ ልጄ አስተማሪ ትሆናለች ብሎ ለዘመድ ሁሉ ነግሯል። በምን ፊቴ ልግባ?» አለችኝ።

ለፋሲካ መጥታ ራሷ ልትነግርዎ ቃል ገባችልኝ፤ እኔንም እስከዚያ ዝም እንድል በኪዳነ ምሕረት አስማለችኝ። ፋሲካ አለፈ፣ አልመጣችም። እኔም ዝም አልኩ።

የእኔ ጥፋት ከእሷ ይብሳል። አቶ ገሠሠ ለልጃቸው ሲጠይቋት፣ «አይዳሯት፣ ትማር» እያልኩ ደጅዎን የጠናሁት እኔ ነኝ። እሺ ብለው ከላኳት በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ ብዬ አልጻፍኩላትም። በየዓመቱ ሌሎች ልጆች መጡ፣ ሌላ መዝገብ ተከፈተ። አሥራ አንድ ዓመት ጠመኔ ይዤ፣ ልጅን አሳልፎ መላክ ብቻ ማስተማር መስሎኝ ኖርኩ። ደክሞኛል፤ የደከመኝ ግን ሥራው አይመስለኝም።

ትናንት አቶ ጫኔ ገበያ ላይ አግኝተውኝ፣ እርስዎ ለተናኘወርቅ ምርቃት ሙክት እየቀለቡ እንደሆነና በመጪው ሳምንት ሊያመጧት እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቆመው ከማያውቁት ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ስለዚህ መሐላዬን አፍርሻለሁ። ማፍረሴንም ለእሷ ጽፌላታለሁ።

እንዳሰቡት ይሂዱ እንጂ አይቅሩ። ማክሰኞ በሚወርደው መኪና እኔም እሄዳለሁ፤ አጠገቤ መቀመጥ ካልወደዱ ከኋላ እሆናለሁ። ከሥራ የምትወጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ከስታለች፣ ግን ደህና ናት። ቢቆጡ እውነት አለዎት፤ ቁጣው ለእኔ ይሁን። እሷን ግን እባክዎ፣ የመጀመሪያውን ቀን ስለ ትምህርት አይጠይቋት። እራቷን በልታ ትተኛ።

ይቅርታ ለመጠየቅ ገና ያልደፈረው፣
የልጅዎ አስተማሪ
መርስዔ ኃዘን