እርጥቡ ሣርና የተደፈነው ቦይ

ውድ ሶፎንያስ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደው ነው፤ ልቤ እንዳይመስልህ። ሀዋሳ ላይ ፎቅ ሠራህ አሉ። ፎቅ ደግ ነው፤ ጎርፍ አይደርስበትም።

የቤት ማኅበራችን ይህን የመኖሪያ ቦታ ሲመራ ቦዩ ከእኛ በፊት እዚያው ነበር። ከጨንቻ በኩል የሚወርደው ጎርፍ በእሱ አልፎ አባያ ሐይቅ ይገባል። አንተ ግቢህን ላስፋ ብለህ አፈር ደፋህበት፤ አጥርህንም በላዩ ገነባህ። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ከታችህ ወዳለነው ወደ እኛ ዞረ። ብለምንህ፣ «እትዬ ጸዳለ፣ ትንሽ ውሃ እኮ ናት! ሙዝ ይትከሉባት፣ የላንቴን ሙዝ የሚያስንቅ ይወጣዎታል» ብለህ ሳቅህ። ባለቤቴ ወልደየሱስም አብሮህ ሳቀ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ማዘጋጃ ቤት ከሰስኩህ፤ አጥሩ ይፍረስ ተባለ። ይሄኔ ሽማግሌዎች አስከትለህ፣ እርጥብ ሣር ይዘህ መጥተህ በሬ ላይ ተንበረከክህ። የጎጃም ልጅ ብሆንም ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት እዚህ ነው። በጋሞ ሣር ይዞ የመጣ ሰው እምቢ እንደማይባል አውቃለሁ፤ አንተም ማወቄን ታውቃለህ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ይፍሩ፣ «ልጄ፣ ክሱን ተዪው። አጥሩን በገዛ እጁ ያፈርሰዋል፤ ከመስቀል አያልፍም» አሉኝ። ተውኩት። አንተም የወልደየሱስን ጉልበት ስመህ፣ «ጋሼ፣ ቦዩን ራሴ ነኝ የምከፍትልዎ» አልከው።

መስቀል ሳይደርስ ወልደየሱስን ስትሮክ ጣለው፤ አልጋ ላይ ቀረ። መስቀል አለፈ፣ ገናም አለፈ። አንተ ቤቱን ሸጠህ ሄድክ፤ ደህና ሁኑ እንኳ ሳትል! እንደ ልጁ ስለሚያይህ መሄድህን ደበቅሁት።

የሚያዝያ ዝናብ መጣ። ከጓሮ ሮጬ ስገባ ውሃው አልጋው ሥር ደርሷል። ላነሣው ብሞክር አቃተኝ። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አትልፊ፤ ሶፎንያስን ጥሪው። ቶሎ ይደርስልናል።»

ወጥቼ ጮህኩ። የደረሰችልኝ ቤትህን የገዛችው መክሊት ናት፤ ገና መምህርነት የጀመረች ልጅ። ጎረቤት ጠርታ ከነፍራሹ ተሸክመን አወጣነው። «ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት ነው?» አለችኝ፤ አጥሩን አሳየኋት። «እንዴ! ሲሸጥልኝ ማን ነገረኝ?» ብላ በነጋታው አስፈረሰችው፣ ቦዩንም አስቆፈረችው። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፣ ሶፎንያስ። ለዚህች ነው ያንን ሣር ያዋረድከው።

ትናንት ደግሞ ዘነበ። ውሃው በቦዩ እየተንዠቀዠቀ ወደ አባያ ወረደ። ወልደየሱስ አልጋው ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ ቆየና ፊቱ በራ። «አላልኩሽም? ሶፎንያስ እኮ ቃሉን አያጥፍም» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ከእኔ የምታገኘው ይቅርታ ይህችው ናት፤ እሷም ለእሱ ብዬ ነው። ሁለተኛ ሣር ይዘህ ደጄ እንዳትመጣ።

የቀድሞ ጎረቤትህ፣
ጸዳለ