አሜን ያልንበት ተሳቢ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ሮተርዳም

እፎይ፣ ተገላገልኩ! ክረምቱን ልጆቹን ይዘን የምንዞርበትን ተሳቢ ቤት ለመምረጥ ዛሬ ዛንዳም ሄድን። የባለቤቴ አባት ጋሽ ታደሰም ከዞተርሜር መጡልን። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። በመኪና ነገር ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል?

የሻጩ ግቢ እንደገባን ዓይናቸው ትልቁ ላይ አረፈ። አንገቱ እንደኔ ባለ ፒክአፕ መኪና ጭነት ማስቀመጫ ላይ የሚቀመጥ፣ ውስጡ ሳሎን የሚያህል ተሳቢ ነው። ለኔ መኪና እንደሚከብድ ሳየው አውቄያለሁ። ልናገር ስል ጋሽ ታደሰ እጃቸውን ዘርግተው መመረቅ ጀመሩ። እኔና ባለቤቴ ጎንበስ ብለን «አሜን፣ አሜን» አልን። ሆላንዳዊው ሻጭ ቆሞ ያየናል። ከአሜን በኋላ እንዴት እምቢ ይባላል?

ሻጩ ተሳቢውን መኪናዬ ላይ አሳረፈው። ወዲያው የመኪናዬ ኋላ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና አለ። ጋሽ ታደሰ የፊት ጎማዎቹን ጎንበስ ብለው አዩና ተቆጡ።

«መሪው እንዴት ሊታዘዝልህ ነው? ምነው ዝም አልክ?»

«እርስዎ መርቀውት...» አልኩ።

«እኔ የመረቅኩት እናንተን ነው እንጂ ቆርቆሮውን ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ትንሹን መረጥን። መኪናዬ ሳትንገዳገድ ሮተርዳም አደረሰችው። እኔ ያልደፈርኩትን እሷ ተናገረችልኝ። ግን አፍንጫዋን ባታነሳ ኖሮ፣ ልጆቼን ጭኜ ትልቁን እየጎተትኩ እነዳ ነበር?